ፖስተሩ ያማረው ለማን ነው?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሀዋሳና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። የተመካከሩ ይመስል ሁሉም ስለ ሥነ ምግብ ፕሮጀክት ነው የሚያወሩት፤ በተለይ «ኮሙኒኬሽንና መማማር» ስለሚባለው ሥራ። ረጅሙን አስቀድሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተመርቄ ትንሽ ከተንከራተትኩ በኋላ አንድ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ውስጥ «የኮሙኒኬሽንና የመማማር ድጋፍ ባለሙያ» ተብዬ ተቀጥሬያለሁ። ቢሮዬ ሀዋሳ ነው፤ ፕሮጀክቱ የሚሠራው የሲዳማ ወረዳዎች ላይ ነው። በየወሩ የስኬት ታሪክ ከነፎቶው ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ከአዲስ አበባ ደግሞ በጥሩ ወረቀት የታተመ ፖስተር ይላክልኛል፤ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ቆም ብሎ ያየው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «መማማር» የሚለው ምን እንደሆነ የነገረኝም የለም። ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ጸሐፊ ነኝ፣ ምንድን ነኝ? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሥራ መደብሽን የጻፈው ሰው ራሱም በደንብ ገብቶት የጻፈው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ መደብ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ፕሮፖዛል ሲጻፍ ነው። ለጋሹ የመማማር ሥራ ይኑር ይላል፣ በጀቱ ለሁለት ሰው አይበቃም፣ በቃ ከኮሙኒኬሽኑ ጋር ይለጠፋል። ከዚያ ሰው ይቀጠርና ካሜራ ይሰጠዋል። መማማሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ ግን ደሞዝሽን የሚያስበላሽ ያ የተረሳው ግማሽ ነው ባይ ነኝ። መልእክት ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ሞልቷል። ከታች የሚባለውን ሰምቶ ወደ ላይ የሚያደርስ ግን የለም፤ ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ከፖስተሩ እንጀምር። ከመለጠፍሽ በፊት አንዱን ይዘሽ ጤና ኬላ ሂጂ። የክትባት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፣ እናቶች ይሰበሰባሉ። ለአንዷ አሳዪያትና «እዚህ ላይ ምን ይታይሻል?» በያት። «ገባሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ አደራ። «ገባሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው፤ ይሉኝታ አለ። ምን እንደሚታያት ከጠየቅሻት ግን ጉዱ ይወጣል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከሶፋ አጠገብ ተቀምጣ ከሆነ «ይቺ የከተማ ሰው ናት» ትልሻለች፤ የከተማ ሰው ከሆነች ደግሞ የምትለው እኔን አይመለከትም ማለት ነው። ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት አታውቅም። ቁጥሩን በቅደም ተከተል አታነብም። ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የሠዓሊው ነው።

አንድ መልእክት ብቻ ውሰጂ፦ ከ6 ወር በኋላ የሚጀመረው ምግብ ወፍራም ይሁን። ትክክል ነው፤ ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ፖስተሩ ላይ የተሳለው ግን ሳህን ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ነው። ወተት ይሁን ቡላ ይሁን አጥሚት በምን ይታወቃል? ጎበዝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያን ጊዜ ፖስተሩን ትታ ማንኪያ ታነሳለች። ከገንፎው ጨለፍ ታደርግና ማንኪያውን ትዘቀዝቀዋለች። ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። እናቶቹ ይስቃሉ፣ አንዷ «የእኔን እዩት» ብላ ትነሳለች፣ ሌላዋ ዱቄቱ በዛ ትላታለች። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ፖስተር ማሠራትሽ ካልቀረ የተዘቀዘቀው ማንኪያ እንዲሣል አድርጊ፤ ለምን ከአዲስ አበባ የመጣውን አልተጠቀምሽም ቢሉሽ ደግሞ እናቶቹ ያሉትን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪላቸው።

የቋንቋውንም ነገር አትርሺ። ሀዋሳ ፒያሳ ላይ አማርኛ ይበቃል፤ ከቱላ አለፍ ስትዪ ግን ሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በየትኛውም ፊደል ማንበብ የማትችለው እናት ግን ፖስተሩ በምን ቢጻፍ ለውጥ የላትም። ለእሷ ሬዲዮና የቡና ሰዓት ወሬ ይሻላል። ሬዲዮኑ በማን እጅ እንዳለ ግን ጠይቂ። ባልየው ይዞት ከወጣ የእናቶች ፕሮግራምሽን የሚያዳምጠው እሱ ነው፤ እንግዲያው ለምን ለእሱ አልተዘጋጀም?

ሌላው፣ ለአንዱ አካባቢ የተዘጋጀ መልእክት ለሌላው ላይሆን ይችላል። ብዙ ማቴሪያል ላይ «በጾም ወራትም ለሕፃናት እንቁላልና ወተት ስጡ» የሚል አለ። ኦርቶዶክሱ በሚበዛበት አገር ወሳኝ ነው፤ እናቲቱ ልጇ እንደማይጾም ታውቃለች፣ የምትሠጋው ድስቷ የፍስክ እንዳይነካው ነው። በሲዳማ ገጠር ግን አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ነው። እዚያ እንቁላሉ ልጁ አፍ የማይደርሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ ገበያ ስለሚሄድ። ጨውና ሳሙና የሚገዛው በእሱ ነው። ይህችን እናት «እንቁላል ገንቢ ምግብ ነው» ብለሽ አሥር ጊዜ ብታስተምሪያት መጀመሪያም ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት 59 ከመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡ ነበሩ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት መካከል ግን በምግቡ ዓይነትም በቀን በሚበሉበት ጊዜ ብዛትም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 11 ከመቶ ብቻ ናቸው። ልዩነቱን አየሽው? ጡት ገበያ አይወጣም። እንቁላል፣ ወተት፣ ፍራፍሬ ግን ብር ነው። በምክር የሚፈታውን ምክር ፈትቶታል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ኪስ፣ ጓሮና የባልና የሚስት ንግግር ነው። ይሄን መልሶ ለግብርናው ክፍል «ዶሮ ስታከፋፍሉ ስንት እንቁላል እንደሚሸጥና ስንት እንደሚበላ ጠይቁ» የሚል ሰው ካልተገኘ ፕሮጀክቱ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ወደ ስኬት ታሪኩ ልምጣ። ጻፊው፣ ግን እውነቱን ጻፊ። በየሪፖርቱ የማየው አንድ ነገር አለ፦ «ሕፃን እከሌ ቀንጭራ ነበር፣ በ3 ወር ውስጥ ዳነች።» አይሆንም! መቀንጨር ማለት ቁመት ለዕድሜ ማጠር ነው፤ ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1000 ቀናት ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነገር ነው፣ በአንድ ሩብ ዓመት አይጠፋም። በሳምንታት የሚያገግመው መክሳት ነው፤ ያ የሕፃኑ የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን በመለኪያዋ ጥብጣብ ላይ ቀይ የሚያሳየው። ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ስህተት አይደለም፣ ገንዘቡ የሚመደበው በዚህ ነውና። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር አጠፋለሁ ያለው ረጅም ሥራ መሆኑን ስላወቀ ነው። አገሪቱ ውስጥ የቀነጨሩት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 ከመቶ ወደ 37 ከመቶ ለመውረድ እስከ 2019 ፈጅቷል። አንቺ በወር አንድ የምታድኚ ከሆነማ ተዓምር ነው።

አለቃሽ ታሪክ እንጂ ችግር መስማት እንደማይወድ እገምታለሁ። ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው፤ ለጋሹ ይሰማብኛል ብለው ይፈራሉ። ዘዴው ችግሩን ባዶ እጁን አለማቅረብ ነው። «ፖስተሩ አልሠራም» ከማለት «ፖስተሩን እንዲህ ተረዱት፣ በሁለት ቀበሌ በማንኪያ ማሳያ ልሞክረውና ላሳይህ» በዪው። ሙከራ ሲባል ማንም አይደነግጥም፤ ከሠራ ደግሞ የስኬት ታሪክሽ እሱ ራሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ በክትትልና ግምገማ ላይ ነኝ። መማማር ከእኛ ሥራ በምን ይለያል? እስካሁን ያየሁት ሆቴል ውስጥ ባነር ተሰቅሎ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ አበል ተፈርሞ መለያየትን ነው። (ወረዳ የምሠራ፣ ሀዋሳ የምኖር)

መልስ፦ ሳቅ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ሀሰት የለውም። የሐይቁ ዳር ሆቴሎች «የልምድ ልውውጥ መድረክ» የሚል ባነር ባይኖር ምን ይሆኑ እንደነበር እንጃ።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይህ። የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ለ30 እናቶች ታቅዶ 30 መጡ። አንተ 100 ከመቶ ብለህ ትመዘግባለህ፤ ትክክል ነህ። መማማር የሚጠይቀው ሌላውን ነው፦ ካሮቱን፣ አቮካዶውንና ዘይቱን ማን ገዛው? ከሀዋሳ ገበያ በፕሮጀክቱ መኪና ከሄደ እናቶቹ ቤታቸው ገብተው በምን ይሥሩት? በሲዳማ ቤት ያለው ቆጮና ቡላ ነው፤ እንሰት ኃይል ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ቡላውን ትተሽ ሌላ አብስዪ ሳይሆን ቡላው ላይ የተፈጨ ቦሎቄ፣ ወተት፣ የአበሻ ጎመን ጨምሪ መሆን ነበረበት። ሀዋሳ ላይ ከሆነ ደግሞ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገብህ ነው፤ አጥንቱ በጥንቃቄ ከተለቀመ ዓሣ ለሕፃን የሚሆን ምግብ ነው።

ሌላ ምሳሌ። የሀዋሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ የስኳር ድንች ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ቱላና ኩልፎ የሚባሉት ናቸው። ቫይታሚን ኤ አላቸው፣ ልጆችም ጣፋጭነቱን ይወዱታል። ቅስቀሳው በሬዲዮ ይለቀቃል፣ ሰው ይፈልገዋል፣ ግን በበጋው ግንዱ ደርቆ የሚተከል ቁርጥራጭ የለም። በአንተ ሠንጠረዥ ላይ «የሬዲዮ መልእክት ተላልፏል» የሚለው ተሞልቷል። ሬዲዮው ከመናገሩ በፊት ውሃ አጠገብ ተተክሎ የሚቆይ ግንድ ማን እንደሚይዝ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ያልተነጋገረ ፕሮጀክት ሰውን አስጎምጅቶ ባዶ እጁን ሰደደው ማለት ነው።

መማማር ስብሰባ የግድ አያስፈልገውም። ከመስክ ስትመለሱ መኪና ውስጥ ምን ጠብቀን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለያየ፣ በሚቀጥለው ምን እንቀይራለን ብላችሁ ብታወሩና አንድ ገጽ ብትጽፉ ይበቃል። ገጹ ላይ «የሚቀይረው ማን ነው፣ እስከ መቼ» የሚል ከሌለ ግን ወሬ ነው። በሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ የጤናው፣ የግብርናው፣ የውሃው፣ የትምህርቱ፣ የሴቶችና ሕፃናቱ ሰዎች ሲቀመጡ ያቺን ገጽ አቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲም ሥራውን የሁሉም ሴክተር ነው ያደረገው፤ የጤና ቢሮ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሕፃን እያለች ከስታ ነበር፣ ጤና ጣቢያ ፕላምፒ ነት የሚባለውን ለከሱ ልጆች የሚሰጥ ምግብ ሰጥተዋት ዳነችልኝ። ያኔ ፎቶ አነሱን፣ ወረቀት ላይም አስፈረሙኝ፤ ምን እንደሚል አላነበብኩትም። አሁን ፎቶዋ ትልቅ ባነር ላይ ወጥቷል፣ ስሟና ቀበሌያችንም ተጽፎበታል። የሰፈር ሰው «የተራበችዋ» ይላታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከቱላ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ዳነችልሽ። ፈርሜያለሁና መብት የለኝም ብለሽ አትቀመጪ። ምን እንደሆነ ሳይነገርሽ የፈረምሽው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። አንድ ጊዜ የሰጠሽውን ፈቃድም ማንሳት ትችያለሽ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ግን በቅርብ ያለውን ሞክሪ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዘሽ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሂጂ። አብዛኞቹ ድርጅቶች «ሴፍጋርዲንግ» የሚሉት የሕፃናት ደህንነት ኃላፊ አላቸው፤ እሱን ወይም እሷን ጠይቂ። ባነሩ እንዲወርድ፣ ፎቶው ከፌስቡክና ከፋይላቸው እንዲጠፋ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ኮፒውን ማኅተም አስመቺና ያዢው። የባነሩንም ፎቶ በስልክሽ አንሺ፤ ነገ አውርደው «ምን ባነር?» ቢሉሽ ማስረጃ ነው።

ለባልደረቦቼም አንድ ነገር። ፈቃድ ስትጠይቁ ስልካችሁን አውጡና ፎቶው የት እንደሚወጣ በዓይኗ አሳዩዋት፤ በምታውቀው ቋንቋ። «እምቢ ብል የልጄን ምግብ ይከለክሉኛል» ብላ እንዳትፈራም አፍ አውጥታችሁ ንገሯት። የታመመ ልጅን ስምና ቀበሌ አብሮ መጻፍ ለማን ይጠቅማል? ለጋሹ እንደሆነ ቀበሌውን ካርታ ላይ እንኳ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ በዚህ መስክ መቀጠር እፈልጋለሁ፤ ምን ልማር? ፕሮጀክቶች እየተዘጉ ነው ሲባልም እሰማለሁ። (ተመራቂ፣ ሀዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ ሰምተሃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጧል። መስኩ ጠቧል፣ አልዋሽህም፤ ስለዚህ ለድርጅት ብቻ አታመልክት፣ የክልሉን ጤና ቢሮና የከተማውን የኮሙኒኬሽን ክፍሎችም አንኳኳ። ለትምህርት ተጨማሪ ዲግሪ አያስፈልግህም። ስለ ሥነ ምግብ መሠረታዊውን እወቅ፤ መቀንጨርና መክሳትን ለይተህ መጻፍ ከቻልክ ከብዙ አመልካች ቀድመሃል። ሰፈርህ ካለ ጤና ጣቢያ ፈቃድ ጠይቀህ አንድ የእናቶች ውይይት ተከታተልና የሰማኸውን፣ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ሁለት ገጽ ጻፍ፤ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ይዘኸው ግባ። በካሜራህ አትመካ፣ ካሜራ ሁሉም ጋር አለ። ሲዳምኛ የምትችል ከሆነ ደግሞ ሲቪህ አናት ላይ ጻፈው፤ መጨረሻ ገጽ ላይ «ሌሎች ችሎታዎች» ሥር አትቅበረው።